ሊኑክስ ሲጫን ዋይፋዩ ለምን ጠፋ? አሮጌ ኮምፒውተር «ተበላሸ» ከመባሉ በፊት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለተመዘገቡ ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቢፈቀድም፣ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር የሚሻ ሰው ኮምፒውተሩ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ሥርዓት የያዘ፣ ፕሮሰሰሩም በኢንቴል አቆጣጠር በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ እንዲሆን ይጠየቃል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በገበዝ ማርያም በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በቢሮዎች የሚያገለግሉ የቆዩ ዴልና ኤችፒ ማሽኖች ይህን መስፈርት ካላሟሉ ባለቤቶቻቸው ሁለት ምርጫ ይቀርላቸዋል። አንዱ ጥበቃ በሌለው ዊንዶውስ መቀጠል ነው፤ ሌላው ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሊኑክስ መጫን።

ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው እንቅፋት አንድ ዓይነት ነው። ጭነቱ በሰላም አልቆ ኮምፒውተሩ ዳግም ሲከፈት የዋይፋዩ ምልክት የለም፤ ወይም ማተሚያው ቢታዘዝ ወረቀት አይስብም፤ አንዳንዴም ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የሚሰማው ቃል «ተበላሸ» የሚል ነው። ከገበዝ ማርያም ለሚነሣ ባለ ንብረት ይህ ቃል ዋጋ ያስከፍላል። ማሽኑን ተሸክሞ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ባሕር ዳር መሄድ፣ የትራንስፖርትና የጥገና ወጪ መሸፈን፣ አልፎ አልፎም ደኅናውን ዕቃ በሌላ አስቀይሮ መመለስ ይመጣል። ሳምንት ሳይሞላው በዊንዶውስ ሲሠራ የነበረ የዋይፋይ ካርድ ሊኑክስ በተጫነበት ሰዓት የሞተ መሆኑ ግን እጅግ አጠራጣሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው በሕይወት አለ፤ የጠፋው የሚያናግረው ሶፍትዌር ነው።

የኮምፒውተር አካላት ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚግባቡት ድራይቨር በሚባል ሶፍትዌር አማካይነት ነው። ከዚህ ሌላ ብዙ ቺፖች በራሳቸው ውስጥ የሚሠራ ፈርምዌር የተባለ አነስተኛ ፕሮግራም ይፈልጋሉ። የዋይፋይ ቺፕ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ይህን ፕሮግራም ከሀርድ ዲስኩ ተቀብሎ ካልጫነ ድራይቨሩ ቢኖርም ሥራ አይጀምርም። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ግማሹን ችግር ይፈታል።

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ በነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ከተጀመረ ወዲህ የተከተለው መንገድ ከዊንዶውስ የተለየ ነው። በዊንዶውስ ዓለም የዕቃው አምራች ድራይቨሩን ሠርቶ በሲዲ ወይም በድረ ገጹ ያቀርባል። በሊኑክስ ግን አብዛኛው ድራይቨር ከርነል በሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ውስጥ አብሮ ይመጣል። የዐሥራ አምስት ዓመት ላፕቶፕ የገመድ ኔትወርኩም፣ ድምፁም፣ ኪቦርዱም ያለ ምንም ሲዲ ወዲያው የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ክፍተት የሚፈጠረው አምራቹ የቺፑን አሠራር ሳይገልጽ ሲቀር፣ ፈርምዌሩን ሌሎች እንዲያሠራጩት ሳይፈቅድ ሲቀር፣ ወይም የተጫነው ከርነል ከዕቃው የቆየ ሲሆን ነው።

ለዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየ ምሳሌ አለ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተሰኘው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ደርሰዋል። ኤክስኦ የሚባሉት እነዚህ ማሽኖች ከመነሻቸው ለሊኑክስ ታስበው የተሠሩ፣ በፌዶራ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት የሚጠቀሙ ነበሩ። ይሁንና የዋይፋያቸው ቺፕ የማርቬል ኩባንያ ምርት በመሆኑ ፈርምዌሩ ዝግ ነበር፤ የነጻ ሶፍትዌር ተሟጋቾችም በዚህ አምርረው ተችተዋል። ለሊኑክስ ብቻ የተሠራ ማሽን እንኳ በዋይፋዩ በኩል ከአምራቹ ፈቃድ ነጻ መሆን ካልቻለ፣ ለዊንዶውስ ተሠርቶ ከዓመታት በኋላ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ እዚያው ቦታ ላይ ቢደናቀፍ የሚያስገርም አይሆንም።

በካርቶኑ ላይ ያለው ስም አይበቃም

መፍትሔ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚሠራው ስሕተት የላፕቶፑን ስም ይዞ መፈለግ ነው። አምራቾች በአንድ ስም በሚሸጡት ላፕቶፕ ውስጥ የተለያየ የዋይፋይ ካርድ ሊከቱ ስለሚችሉ፣ ለጎረቤት የሠራው መፍትሔ ለሌላው አይሠራም። የሚታመነው በቺፑ ውስጥ የተቀረጸው መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሁለት ክፍል አለው፤ የፊተኛው አምራቹን፣ የኋለኛው ዕቃውን ያመለክታል። ለምሳሌ 8086 የሚል መነሻ የኢንቴል ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን ስመ ጥር ፕሮሰሰር ቁጥር ለመለያነት ወስዶታል።

ቁጥሩን ለማየት የሊኑክስ ተርሚናል ተከፍቶ አንድ ትእዛዝ ይጻፋል። ትእዛዙ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ የሚል ሲሆን፣ ከባዶ ቦታ በኋላ ሰረዝ፣ ከሰረዙ ጋር ተያይዘውም ኤን፣ ኤን፣ ኬ ይከተላሉ። በዩኤስቢ ለሚሰኩ ዕቃዎች ደግሞ ኤል፣ ኤስ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ቢ ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ትእዛዝ በማሽኑ ውስጥ ያሉትን አካላት ከነመለያቸው ይዘረዝርና ከእያንዳንዱ ሥር የትኛው ድራይቨር እየሠራበት እንዳለ ያሳያል።

ከዚህ ዝርዝር የሚገኘው መልስ ከሦስት አንዱ ነው፤ ሦስቱም ወደተለያየ መንገድ ይመራሉ።

የዋይፋይ ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ካልታየ ድራይቨር መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ካርዱ በባዮስ ውስጥ ተዘግቶ፣ ከመሰኪያው ላልቶ ወይም በእርግጥም ሞቶ ሊሆን ይችላል። «ተበላሸ» የሚለው ቃል ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ያም ቢሆን ካርዱ ወጥቶና ተጠርጎ ከተመለሰ በኋላ።

ካርዱ በዝርዝሩ ታይቶ ከሥሩ በሥራ ላይ ያለ ድራይቨር ካልተጠቀሰ ግን ዕቃው ለሥርዓቱ ይታያል፤ የጎደለው ድራይቨሩ ነው። አንዳንድ ጊዜ አዲስ ከርነል ያለው ሊኑክስ መጫን ብቻ ይበቃል። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት የሪልቴክ ቺፕ የያዙ ትንንሽ የዩኤስቢ ዋይፋዮች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። 8821ሲዩን ለመሰሉት ድጋፍ ወደ ከርነሉ የገባው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ በወጣው 6.2 ነው። በመሆኑም 5.15 ከርነል ይዞ የወጣው ኡቡንቱ 22.04 የማያውቀውን ዕቃ፣ 6.8 የያዘው ኡቡንቱ 24.04 እንደተሰካ ሊያውቀው ይችላል።

ሦስተኛው መልስ ድራይቨሩ ተጠቅሶ ዕቃው የማይሠራበት ነው። በዚህ ጊዜ ሥርዓቱ ሲነሣ የመዘገበውን ማስታወሻ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ትእዛዙ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከፊቱ ሱዶ ይታከልበታል። በማስታወሻው ውስጥ «ፈርምዌር» ከሚለው ቃል አጠገብ መጫን እንዳልተቻለ የሚናገር መሥመር ካለ የጎደለው ፋይል ስም እዚያው ተጽፏል። ፋይል ያልጎደለ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የቀለለው ሊሆን ይችላል፤ በላፕቶፑ ጎን ያለው ማብሪያና ማጥፊያ ወይም ከላይኛው የኪቦርድ ረድፍ የዋይፋይ ምልክት ያለበት ቁልፍ ተዘግቷል። ብዙ ሰው ግማሽ ቀን ከደከመ በኋላ የሚያገኘው ይህን ስለሆነ በቅድሚያ ማየቱ አይጎዳም።

ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት

በከተማ እንደ ቀላል የሚቆጠረው «ድራይቨሩን አውርዶ መጫን» የሚለው ምክር በገጠር ወረዳ ከንቱ አዙሪት ይሆናል። ዋይፋዩን ለማስነሣት ድራይቨር ያስፈልጋል፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚመጣው በዋይፋዩ ነው። በቆዩ ዴልና ኤችፒ ላፕቶፖች ላይ በብዛት የሚገኘው የብሮድኮም ቺፕ በዚህ የታወቀ ነው። ለአንዳንድ ቺፖቹ የሚያስፈልገውን ፈርምዌር ሌሎች በነጻ ለማሠራጨት ስለማይችሉ፣ ለዚሁ የተዘጋጀው የዴቢያን ጥቅል ፈርምዌሩን በውስጡ ይዞ ሳይሆን በሚጫንበት ሰዓት ከኢንተርኔት የሚያወርድ ሆኖ ተሠርቷል። ዴቢያን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 ጀምሮ በ12ኛ እትሙ ዝግ ፈርምዌሮችን በመደበኛው መጫኛ ውስጥ ማካተት በመጀመሩ የኢንቴልና የሪልቴክ ካርድ ያላቸው ተጠቃሚዎች ተገላግለዋል፤ የእነዚያ የብሮድኮም ቺፖች ባለቤቶች ግን አሁንም በአዙሪቱ ውስጥ ናቸው።

ከአዙሪቱ የሚያወጣው በየኪሱ ያለው ስልክ ነው። የአንድሮይድ ስልክ በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኝቶ በስልኩ የኔትወርክ ማስተካከያ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለው ሲበራ፣ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትወርክ ይቀበለዋል። ለዚህ የሚሆነው ድራይቨር በከርነሉ ውስጥ ስላለ ተጨማሪ ጭነት አያሻም። ገመዱ ኃይል ብቻ ሳይሆን ዳታም የሚያስተላልፍ መሆኑን ግን ማረጋገጥ ይገባል፤ ርካሽ ገመዶች ብዙ ጊዜ የሚያሳስቱት በዚህ ነው። ስልኩ ራሱ ከዋይፋይ ጋር የተገናኘ ከሆነ ያንኑ ኢንተርኔት ወደ ኮምፒውተሩ ስለሚያሻግር የሞባይል ዳታ እንኳ ላያስወጣ ይችላል።

ለዓመታት ያገለገሉት የሞደም ዶንግሎችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ብዙዎቹ ሲሰኩ መጀመሪያ ራሳቸውን የሚያሳዩት እንደ ሲዲ ነው፤ በውስጡ ያለው የዊንዶውስ መጫኛ ነው። በዊንዶውስ ሶፍትዌሩ ከተጫነ በኋላ ዶንግሉ ወደ ሞደምነት ይለወጣል። በሊኑክስ ይህን መለወጥ የሚያከናውነው ዩኤስቢ ሞድስዊች የተባለ ጥቅል ነው። ስለዚህ ዶንግል ሰክቶ ሲዲ ብቻ ያየ ሰው ዶንግሉን ከመጣሉ በፊት ጥቅሉ መኖሩን ቢያይ ይበጃል።

ድራይቨሩ ተገኝቶም የሚያደናቅፍ አንድ ነገር ቀርቷል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ሴኪዩር ቡት በሚባል ጥበቃ ያልተፈረመ ድራይቨር እንዳይጫን ይከለክላሉ። የብሮድኮም ወይም የኤንቪዲያ ዝግ ድራይቨር በኡቡንቱ ሲጫን ሥርዓቱ የይለፍ ቃል ያስመርጣል፤ ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣም በሰማያዊ ገጽ ላይ ያንን ቃል ጠይቆ ፊርማውን ይመዘግባል። ገጹ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ ብዙዎች ያልፉታል፤ ድራይቨሩ ተጭኖ ሳለ የማይሠራበት ምሥጢርም ይኸው ይሆናል። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የሚቀርበት ችግርም አብዛኛውን ጊዜ ከግራፊክስ ካርድ፣ በተለይም ከኤንቪዲያ ጋር ይያያዛል፤ በኡቡንቱ መጫኛ የመነሻ ዝርዝር ላይ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለውን መርጦ ማስነሣት መጀመሪያ የሚሞከር ነው።

ሰዓትም ያጣላል

በሀገራችን ብቻ የሚገጥም የሚመስል አንድ ችግር ደግሞ ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ 2032 የሚል ቁጥር ያለው ክብ ባትሪ ሲያልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የማሽኑ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፍኬታቸው የተሳሳተ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ሊኑክስም ማሻሻያ ለማውረድ እምቢ ይላል። ተጠቃሚው ኔትወርኩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የባትሪው ነው።

ባትሪው ደኅና ሆኖም ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ ላይም 3 ብሎ ይጽፋል፤ ማሽኑ ግን ያንን ከእኩለ ሌሊት የተቆጠረ አድርጎ ስለሚወስደው በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የኡቡንቱና የዴቢያን የሶፍትዌር ማከማቻዎች የጥቅል ዝርዝራቸውን ከነተዘጋጀበት ሰዓት ስለሚያወጡ፣ በቅርቡ የታደሰው ዝርዝር ለዚህ ኮምፒውተር ከወደፊት የመጣ ይሆንበትና «ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሰዋል። ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን የጫነ ደግሞ በሁለቱ መካከል በተመላለሰ ቁጥር የ3 ሰዓት ልዩነት ያያል። ምክንያቱም ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ መነሻ ሲያስቀምጥ ዊንዶውስ በአካባቢው ሰዓት ያነብበዋል፤ ኢትዮጵያም ከመነሻው በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ሊኑክስ የአካባቢውን ሰዓት እንዲጠቀም በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል ይቻላል።

መጫኛው ሀርድ ዲስኩን ጨርሶ አላየውም የሚለው አቤቱታም ከዕቃ ብልሽት ይልቅ ከባዮስ ማስተካከያ የሚመነጭበት ጊዜ ብዙ ነው። በአንዳንድ ላፕቶፖች ዲስኩ የኢንቴል ሬይድ በሚባል አሠራር ተቀምጦ ይመጣል፤ ወደ ኤኤችሲአይ ሲቀየር ይታያል። ነባሩ ዊንዶውስ እንዲቆይ የሚፈለግ ከሆነ ግን ይህን በችኮላ መቀየር ዊንዶውሱ እንዳይነሣ ስለሚያደርግ አስቀድሞ ዝግጅት ይጠይቃል።

ደብዳቤ ለሚያትም ቢሮ

ለአንድ ቢሮ ወይም ጽሕፈት ቤት ከዋይፋዩ ይልቅ ወሳኙ ማተሚያው ነው። ደብዳቤው ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ካላረፈበት ሥራው አልተሠራም። በዚህ በኩል የማተሚያው ዕድሜ ሳይሆን ዓይነቱ ይወስናል። ኤችፒ ሌዘርጄት 1320ን የመሰሉ ጠንካራ የቢሮ ማተሚያዎች ፒሲኤልና ፖስትስክሪፕት የተባሉትን መደበኛ የሕትመት ቋንቋዎች ራሳቸው ስለሚያውቁ ከሊኑክስ ጋር በቀላሉ ይግባባሉ። ርካሾቹና ትንንሾቹ ግን ሥራቸውን ለኮምፒውተሩ ያሸክማሉ። ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 በጠፋና በበራ ቁጥር ፈርምዌሩን ከኮምፒውተሩ መቀበል አለበት። ይህንን የሚያሟላው ኤችፒ ለሊኑክስ ባዘጋጀው ኤችፒሊፕ በተባለ ሶፍትዌር ላይ የሚጨመር ዝግ ተቀጥላ ነው።

ተቀጥላው ከኢንተርኔት የሚወርድ ቢሆንም ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ጥንቃቄ የሚያሻው በቁጥሩ ነው፤ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው የኤችፒሊፕ እትምና የተቀጥላው እትም አንድ ካልሆኑ አይጫንም። ስለዚህ ፍላሽ ይዞ የሚሄደው ሰው አስቀድሞ እትሙን በወረቀት መያዝ አለበት፤ አለዚያ ሁለተኛ ጉዞ ይጠብቀዋል። ለካኖን ኤልቢፒ 6030 ድራይቨሩን የሚያቀርበው ካኖን ራሱ ነው፤ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ስለማይመጣ እርሱንም እንዲሁ አውርዶ ማምጣት ያስፈልጋል። አዳዲስ የኔትወርክ ማተሚያዎች በበኩላቸው ያለ ልዩ ድራይቨር በሚሠራ የጋራ ሥርዓት ስለሚግባቡ ችግሩ እየቀለለ መጥቷል።

የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይ ከሃርድዌር ወገን ባይሆንም አብሮ ይነሣል። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ሶፍትዌር ነው። በሊኑክስ ላይ ኪማን ወይም አይባስ የተባሉት የመጻፊያ ሥርዓቶች የአማርኛ አጻጻፍ አላቸው። ይሁንና በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ዩኒኮድን ስለማይከተሉ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታያሉ። ሙሉ ማኅደሩ በእነዚህ ፎንቶች የተከማቸ ጽሕፈት ቤት ዊንዶውሱን ከማጥፋቱ በፊት ይህን ሊያስብበት ይገባል። የሚገለገልበት የሒሳብ ሶፍትዌር በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ መሥሪያ ቤትም ቢያንስ አንዱን ማሽን በነበረበት ማቆየቱ ብልህነት ነው።

ሁሉ ተሞክሮ የዋይፋይ ቺፑ እምቢ ካለ ካርዱን መለወጥ ይቻላል፤ እዚህም ግን ወጥመድ አለ። አንዳንድ የቆዩ የኤችፒና የሌኖቮ ላፕቶፖች ባዮሳቸው ከተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር ውጭ ያለውን አይቀበልም፤ አዲስ ካርድ ሲገባ ማሽኑ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ይቆማል። በእነዚህ ላይ በሊኑክስ የሚታወቅ ቺፕ ያለው የዩኤስቢ ዋይፋይ መግዛት ይቀልላል።

ከሁሉ ያነሰ ወጪ የሚጠይቀው ግን ፈተናውን ከጭነቱ በፊት ማድረግ ነው። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ሀርድ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ ላይ ይሠራሉ። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ይህን ፍላሽ ይዞ ወደ ሱቁ ቢሄድ፣ ገንዘቡን ሳይከፍል ማሽኑን ከፍላሹ አስነሥቶ ዋይፋዩ በአካባቢው ያሉትን ኔትወርኮች ማየቱን፣ ድምፁ መሰማቱን፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ስክሪኑ መመለሱን ማየት ይችላል። ያልሠራ ነገር ካለ የመለያ ቁጥሩን ከዝርዝሩ ላይ በወረቀት ገልብጦ፣ መፍትሔ እንዳለው ካጣራ በኋላ በማግስቱ መመለስ ወይም ሌላ ላፕቶፕ መምረጥ የእርሱ ፋንታ ነው።